የላዳ ብራቾ ስትቀይሩ ዳዶውን በአየር ላይ አታስጠብቁ

የፊት ብራቾ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘውን ክንድ፣ ልትቀይሩ ከሆነ አንድ ነገር ያዙልኝ። የጎሚኒው (የብራቾው መገጣጠሚያ ላስቲክ) ዳዶ መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ ሳለች አይጠበቅም። መሬት ላይ ቆማ፣ ክብደቷን ተሸክማ ነው የሚጠበቀው። ሜካኒኩ የፈለገውን ይበል። ከዚህ በታች ያለው ግማሹ ምክር፣ ግማሹ ብስጭት ነው።

መኪናዬ ላዳ 2107 ናት። ስፖርት መኪና ናት ስል ጅማ ውስጥ የማይስቅብኝ የለም። ይሳቁ። ቀላል ናት፣ የምትገፋው በኋላ ጎማ ነው፣ ፊቷ ላይ በየጎኑ ከላይም ከታችም ብራቾ አላት። ዛሬ ዘመናዊ የሚባሉት ብዙዎቹ የቤት መኪኖች የላይኛው ብራቾ የላቸውም። እናቷ ፊያት 124 እ.ኤ.አ. በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመርጣለች። ሩሲያኖቹ ፈቃዱን ወስደው ለመጥፎ መንገድ እግሯን አጠንክረው ላዳ አሏት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ስታሲስ ብሩንድዛ የሚባል የራሊ ነጂ ቪልኒየስ ውስጥ እህቷን 2105ን የራሊ መኪና አድርጎ ሠርቷታል። ስለዚህ ክርክሩን እዚህ ላይ ዘግቼዋለሁ።

ሥራውን የጀመርኩት ከሰርቦ ስመለስ ኩርባ ላይ ፊቷ እየዋለለ ስላስቸገረኝ ነው። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ኳ ኳ ትላለች። ጎሚኒ ብቻ መቀየር ይቻል ነበር። እኔ ግን ከነብራቾው ቀየርኩ፤ ዛሬም የምመክረው ይህንን ነው። የዛገ ጎሚኒ ከአሮጌ ብራቾ በመዶሻ ሲወጣ ብራቾውን ያጣምመዋል። ከፈረሰ ታክሲ የወጣ ብራቾም በርካሽ ይገኛል፣ አትግዙ። የግድ ከሆነ መስታወት ላይ አጋድማችሁ እዩት። ከተንገዳገደ ለሻጩ መልሱለት።

አዲሶቹን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አስመጣሁ። የታችኞቹን ጎሚኒ ከመግባቱ በፊት ብየዳ ቤት ወስጄ በሾክ መያዣው ዙሪያ ተጨማሪ ላሜራ አስበየድኩባቸው። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፤ ጎሚኒ ከገባ በኋላ ብትበይዱ ሙቀቱ ላስቲኩን ይጨርሰዋል። ጎሚኒው ፖሊዩሪቴን (ከላስቲክ የጠነከረ ፕላስቲክ) ይሁን ያሉኝ ብዙ ናቸው። ለውድድር አስፋልት ጥሩ ይሆናል። ለጅማ ኮብልስቶንና ጭቃ ግን ላስቲክ ይሻላል። ፖሊዩሪቴን ድንጋዩን ሁሉ እስከ መሪው ያመጣላችኋል፣ ጭቃ ሲገባበት ደግሞ ይጮሃል።

መፍታቱ ብዙ ወሬ የለውም። ሁለት ነገር ብቻ። ሞላው ተጨምቆ ነው የተቀመጠው፣ ካመለጠ ሰው ይገድላል። በሰንሰለት ሳታስሩት፣ ከብራቾው ሥር ክሪክ ሳታደርጉ ቦል ጆይንቱን (ብራቾውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ኳስ መገጣጠሚያ) አትንኩ። ሁለተኛ፣ የታችኛው ብራቾ ዘንግ ከመስቀለኛው ብረት ጋር በሚታሰርበት ቦታ ስስ ዝርግ ብረቶች አሉ። የጎማውን ዘንበል ማለት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የፊተኛውን ብሎን ለብቻ፣ የኋለኛውን ለብቻ በጣሳ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ጉዱ።

ጎሚኒ እንደ ኩሽኔታ አይሽከረከርም። ውስጡ የብረት ቱቦ አለ፣ ውጪው የብረት ቱቦ አለ፣ መሃሉ ላስቲክ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ የውስጡ ቱቦ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ካሰራችሁት ላስቲኩ የሚያርፈው በዚያ ቦታ ነው። መኪናዋ መሬት ስትነካ ገና ቆማ ሳለች ተጠማዘዘ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ደግሞ ይብስበታል።

ይህን አውቅ ነበር። የላዳ መጽሐፍ በግልጽ ጽፎታል፤ መኪናዋ 320 ኪሎ ጭና፣ ማለትም አራት ሰውና 40 ኪሎ ዕቃ ይዛ ይጠበቅ ይላል። ለሜካኒኩ ነገርኩት። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ እጁም የተመሰገነ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን መሬት ካወረድናት በኋላ ብናጠብቀው?»

«ልጄ፣ እኔ ላዳ ስፈታ አንተ አልተወለድክም።»

ስልኬን አውጥቼ ገጹን አሳየሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ አየት አደረገና «መጽሐፉ ጅማን አያውቃትም» አለኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። የጋራዡ ጉድጓድ ላይ አይሱዙ ቆሞ ነበር፤ እውነተኛው ምክንያት እሱ ይመስለኛል። መኪናዋ ከወረደች በኋላ ቁልፍ ማስገባት የሚመቸው ከጉድጓድ ውስጥ ነዋ። ሻይ ላመጣ ወጣ ብዬ ስመለስ ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክቶ አራቱንም የታችኛ ዳዶዎች ጨርሷል።

ስትወርድ አፍንጫዋን ሽቅብ ቀስራ ቆመች። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይተኛል» አለ። አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ) ሠሪውም በዚያው የውሸት ከፍታ አስተካከላት። እውነትም ተኛች። የተኛችው ግን ላስቲኩ እየተቀደደ ስለነበር ነው። በከፍታዋ መውረድ አላይመንቱ ተበላሸ፣ የፊት ጎማዎቹ በውስጥ በኩል ተላጩ፣ ያ ኳ ኳ ተመለሰ። ከሥር ገብቼ በባትሪ ሳይ የግራው ጎሚኒ ከውስጡ ቱቦ ግማሽ ጨረቃ ያህል ለቋል። በጣቴ ስነካው ጥቁር ፍርፋሪ ተራገፈ።

በመሃል የቦሎ ምርመራ ደረሰ። እንዲህ ሆና ታልፋለች ብዬ አልጠበቅኩም። መርማሪው መብራት አየ፣ ጡሩምባ አስነፋኝ፣ የእሳት ማጥፊያውን ቀን አነበበ። ከዚያ ጎንበስ አለና የተበየደውን ላሜራ አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማጠናከሪያ ነው።»

«ከፋብሪካ እንዲህ አልመጣም።»

የተቀደደው ጎሚኒ ከላሜራው አንድ ስንዝር አይርቅም። ልጠቁመው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ጭራሽ ሊያግዳት ይችላል ብዬ ዋጥኩት። እሱ ዓይኑ ላሜራው ላይ ነው። በመጨረሻ ብየዳው አስተማማኝ መሆኑን ጋራዡ በማኅተም ጽፎ ይስጥህ ተባልኩ። ማን ጻፈው? ያው ጎሚኒዬን የጨረሰው ሰው። ማኅተሙን እፍ እፍ ብሎ መታልኝ። ቦሎው ተለጠፈ። ከመኪናዋ ፊት ብቸኛው ደህና ነገር ተመርምሮ፣ የተበላሸው አለፈ።

ሁለተኛውን ጎሚኒ ገዝቼ ጉድጓዱን የሚያከራየኝ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። ጭነት ያስፈልገኛል። ሰው ማስቀመጥ አይሆንም፣ ይቁነጠነጣል፣ ስልክ ይዞ ይወጣል። ቡና የሚነግድ አጎት አለኝ፤ 60 ኪሎ የሚይዙ ኬሻዎቹን እንዲያውሰኝ ጠየቅኩት። «ቡናዬን ጋራዥ? ጥሬ ቡና ሽታ እንደሚስብ አታውቅም? ናፍጣ ናፍጣ ሲል ማን ይገዛኛል?» አለኝ። ልክ ነው። በቆሎ ሰጠኝ።

እዚህ ላይ ከመጽሐፉም ጋር ተለያየሁ። 320 ኪሎ የተባለው ቤተሰብ ጭኖ ለሚሄድ ሰው ነው። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምነዳው ብቻዬን ነው። ስለዚህ የፊት ሁለቱ ወንበሮች ላይ ብቻ በቆሎ ጫንኩ፣ ፊቷን በእጄ ተጭኜ አነጥሬ እንድትረጋ ተውኳት፣ ከዚያ ጉድጓድ ገብቼ በአዲስ ዳዶ ራሴ አጠበቅኩ። ላስቲኩ ማረፍ ያለበት መኪናዋ አብዛኛውን ጊዜ በምትቆምበት ከፍታ ነው። ታክሲ የምትሠሩ ከሆነ መጽሐፉን ስሙት።

አላይመንቱን ወዲያው አላሠራሁም። ትንሽ ነድቻት እግሯ ሲረጋ ነው የወሰድኳት። ዝርግ ብረቶቹንም ከአንዱ ብሎን ወደ ሌላው አዘዋውረን ካስተሩን (መሪው ራሱ እንዲመለስ የሚያደርገውን የፊት እግር ዘንበል) መጽሐፉ ከሚለው ትንሽ ከፍ አደረግነው። ላዳ የመሪ አጋዥ ስለሌላት ፓርክ ሳደርግ ክንዴ ይሰማዋል። በአጋሮ መንገድ ኩርባዎች ላይ ግን መሪውን ላላ ሳደርግለት ራሱ ይመለሳል። አሁን ስፖርት መኪና ናት ስል ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው።

የቀረኝ የኋላው ነው። አራት ቁመታዊ ዘንጎችና አንድ አግድም አሉ፣ ሁሉም ጎሚኒ አላቸው፣ ሁሉም የሚጠበቁት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ይህን ደግሞ ለማንም አልሰጥም። ባለፈው ያ ጋሼ በዚያ ሲያልፍ በቆሎውን ከወንበሩ ሳወርድ አየኝ። ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

«አዎ፣ እንዲህ ነው የሚሠራው። እኔም ሁሌ እንዲህ ነው የማደርገው» አለኝ።

የጎሚኒዬን ብር ግን አልመለሰልኝም።