ሙቀት ያገኛቸውን የባሕር ቀንድ አውጣዎች ጂን ስለካ የተማርሁት

ባሕር በሌለው አገር ተወልጄ ያደግሁ በመሆኔ፣ ውኃው ሲሸሽ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ፀሐይ የሚያቃጥለውን ቀንድ አውጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ነው። በዚያ ዳርቻ ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች ይኖራሉ። ጥቁሩ ቴጉላ ፉኔብራሊስ ውኃው ሲሸሽ በሚገለጠው ድንጋይ ላይ ሲውል፣ ቡናማው ቴጉላ ብሩኒያ ዝቅ ብሎ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ውስጥ ይቆያል። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴም የተነሣው ሙቀት ሲያገኛቸው የሁለቱ ጂኖች ምላሽ በምን ይለያያል ከሚል ጥያቄ ነው።

ተመራማሪዎቹ ላርስ ቶማኔክና ጆርጅ ሶሜሮ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ቡናማው የሙቀት መከላከያ ፕሮቲኖችን በብዛት ማምረት የሚጀምረው በ24 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጥቁሩ ግን በ27 ዲግሪ መሆኑን አሳይተዋል። እነዚህ ፕሮቲኖች፣ በተለይም ኤችኤስፒ 70 የሚባለው ቤተሰብ፣ ሙቀት ቅርጻቸውን ያዛባባቸውን ሌሎች ፕሮቲኖች ደግፈው ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው እንዲመለሱ ያግዛሉ። እነርሱ የለኩት ፕሮቲኑን ነበር፤ እኔ ከጂኑ ወደ ፕሮቲኑ ትእዛዝ የሚያደርሰውን አርኤንኤ ለመለካት ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ሙሉ በሙሉ ከሸፈ። ቀንድ አውጣዎቹን ሞቅ ባለ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ከድንጋይ ለቅሜ በማግሥቱ ሙከራውን ጀመርሁ፤ ውጤቱ ሲመጣ ግን ምንም ያላሞቅኋቸው ማነጻጸሪያዎች እንኳ የኤችኤስፒ 70 ጂናቸው በኃይል እየሠራ ተገኘ። የለካሁት ቤተ ሙከራ ውስጥ የሰጠኋቸውን ሙቀት ሳይሆን ድንጋይ ላይ ያሳለፉትን ቀን ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ዝርያዎች በ14 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ለሦስት ሳምንት እያቆየሁ፣ አንድ ዓይነት ምግብ እየሰጠሁ፣ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ 30 ዲግሪ አድርሼ ለሁለት ሰዓት ተኩል ማቆየትን ልማድ አደረግሁ።

ናሙና መውሰዱ የእጅ ፍጥነት ይጠይቃል። ዛጎሉን በሞርሳ ሰንጥቄ፣ ስንጥቡን በመቀስ ቆርጬ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ እስክጥል ድረስ አንድ ደቂቃ እንዳያልፍ እጠነቀቅ ነበር። እግሩን የተውሁት ልጋግ ስለሚበዛበት ነው፤ ልጋጉ ከአርኤንኤው ጋር አብሮ ተጣርቶ ይወርድና ፒሲአር የሚባለውን፣ የጂኑን ቅጂ አባዝቶ የሚለካውን ዘዴ ያደናቅፋል።

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ግን የጣልኋቸው 12 ናሙናዎች ናቸው። የአርኤንኤን ጥራት የሚለካው መሣሪያ ሁለት ጎላ ያሉ ጫፎችን ያሳያል ብዬ ስጠብቅ አንድ ብቻ አሳየኝ፤ ጥራቱም ዝቅተኛ ነው አለ። ተበላሽቷል ብዬ ሁሉንም ጣልሁ። በኋላ አማካሪዬ እንዳስረዳችኝ፣ በብዙ ቀንድ አውጣዎችና ነፍሳት ውስጥ ትልቁ የራይቦሶም (የሕዋስ ፕሮቲን መሥሪያ) አርኤንኤ መካከሉ ላይ የተሰወረ ስንጥቅ አለው። ከመለካቱ በፊት ናሙናው በ70 ዲግሪ ሲሞቅ ሁለቱ ግማሾች ይለያዩና ከትንሹ አርኤንኤ ጋር በመጠን ስለሚቀራረቡ አንድ ላይ ተደርበው ይታያሉ። የመሣሪያው መለኪያ የተሠራው ለአጥቢ እንስሳት ዓይነት አርኤንኤ ነበር። የሚቀጥሉትን ናሙናዎች ሳላሞቅ አርኤንኤን በመጠኑ በሚለየው ጄል ላይ ባስሮጥኋቸው ጊዜ ሁለቱም መስመሮች ጥርት ብለው ወጡ፤ ቀደም ሲል የጣልኋቸውም ደህና የነበሩ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ዋናው ትምህርት የመጣው ከሰዓቱ ነው። መጀመሪያ ናሙና የምወስደው ሙቀቱ እንዳበቃ ወዲያውኑ ብቻ ነበር፤ በዚያች ቅጽበት ሁለቱ ዝርያዎች ብዙም አይለያዩም። ወደ ቀዝቃዛው ውኃ ከመለስኋቸው በኋላ በ1፣ በ6 እና በ24 ሰዓት ስወስድ ግን ልዩነቱ ፈጦ ወጣ፦ በጥቁሩ የጂኑ ሥራ በስድስተኛው ሰዓት ረገብ ሲል፣ በቡናማው በማግሥቱም አልበረደም ነበር። ይህም እነ ቶማኔክ በፕሮቲን ካዩት ጋር ይስማማል፤ እነርሱ በጥቁሩ ምርቱ በ6 ሰዓት ገደማ ሲያበቃ፣ በቡናማው እስከ 50 ሰዓት ሲዘልቅ አይተዋል። ለጥቁሩ ይህ ፍጥነት የህልውና ጉዳይ ይመስለኛል፤ ውኃው በማግሥቱ እንደገና ስለሚሸሽ ለማገገም ያለው ጊዜ አጭር ነው።

ማነጻጸሪያ ጂን፣ ማለትም ሙቀት አይለውጠውም ተብሎ ሌላው የሚመዘንበትን ጂን፣ ስመርጥም ተሳስቼ ነበር፤ የመረጥሁት የአክቲን ጂን ራሱ በሙቀት ይለዋወጥ ስለነበር በሌሎች ሁለት ጂኖች ተካሁት።

ጽሑፉን ሳጠናቅቅ ከርዕሱ ላይ «በዘር የሚተላለፍ» የሚለውን ሐረግ አወጣሁ። ሦስት ሳምንት በአንድ ውኃ መቆየት የትናንቱን ፀሐይ ያስረሳል እንጂ በእጭነት ዘመን የታተመውን አያጠፋም፤ ያንን ለመለየት የሁለቱንም ዝርያዎች እጮች ከእንቁላል ጀምሮ በቤተ ሙከራ ማሳደግ ያስፈልጋል፣ እኔም ያን አላደረግሁም።