ከያዘኝ እጅ አስለቀቀኝ

እግዚአብሔር ይመስገን። መንገድ ላይ ከደረሰብኝ ጥቃት አስጥሎኛልና ዝም ማለት አልቻልኩም። እንዴት እንዳስጣለኝ በዝርዝር እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ይህን በስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የምትሰሙ እንደ እኔ ዓይነ ስውር የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች አላችሁ።

የምንቀሳቀሰው ብቻዬን፣ በነጭ በትር ነው። ለረጅም ጊዜ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ፍርሃት አንሳልኝ» ብዬ ስጸልይ ኖሬያለሁ። ከኋላዬ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ጉሮሮዬ ይደርቃል። ሰው ቢይዘኝ ወዴት እሮጣለሁ? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። እግዚአብሔር ድንገት ልቤን በሰላም የሚሞላው መስሎኝ ስጠብቅ፣ አንዲት ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ራስን የመከላከል ስልጠና አለ፣ ነይ አብረን እንሂድ አለችኝ። ሄድን።

አሰልጣኛችን ወሬውን የጀመረው በጁዶ፣ ማለትም በጃፓኑ የትግል ስፖርት ነው። ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚወዳደሩበት ጁዶ እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ የአካል ጉዳተኞች የስፖርት ውድድር ወደሆነው ፓራሊምፒክ ገባ፤ ሴቶቹ ደግሞ በ2004 አቴንስ ላይ ጀመሩ። በዚህ ውድድር ግጥሚያው የሚጀመረው ሁለቱ ተፋላሚዎች አንዱ የሌላውን ልብስ ከያዙ በኋላ ነው። «የያዘሽ ሰው የት እንዳለ ራሱ ነግሮሻል» አለኝ። እጁን ካገኘሽ ክርኑ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ከክርኑ ትከሻውን፣ ከትከሻው ፊቱን። እንባዬ መጣ። ያን ሁሉ ጊዜ ስጸልይበት የኖርኩት ፍርሃት ያን ቀን መላላት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ልምምድ ነው። ሰው የእጅ አንጓችሁን ሲይዝ በአንድ በኩል አራት ጣቶች አሉ፣ በሌላው በኩል አውራ ጣቱ ብቻ። የሚላላው አውራ ጣቱና ጣቶቹ የሚገናኙበት ቦታ ነው። የአንጓችሁን ቀጭን ጎን ወደዚያ ክፍተት ታዞራላችሁ፣ ክርናችሁን ወደ ሰውዬው ትገፋላችሁ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ትመነጭቃላችሁ። የግድ ጉልበተኛ መሆን አይጠበቅባችሁም።

ስልጠናው ካለቀ ብዙም ሳይቆይ ነው ነገሩ የደረሰብኝ። መንገድ ልሻገር ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰው «እህቴ፣ ላሻግርሽ» ብሎ አንጓዬን ያዘ። አመስግኜ የእሱን ክንድ ልይዝ ሞከርኩ፤ እንቢ አለኝ። ትንሽ እንደሄድን የመኪኖቹ ድምፅ ከኋላዬ ቀረ። በትሬ ከአስፋልት ወጥቶ ጠጠር ነካ። ስንሻገር እንዳልነበር ያኔ ገባኝ። «አቁም፣ ልቀቀኝ» አልኩት። አያያዙን አጠበቀ፤ በሌላ እጁ የቦርሳዬን ማንገቻ ጎተተ።

«አቤቱ፣ አንተ እይልኝ!» ከዚህ ሌላ የጸለይኩት ጸሎት የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል። ኮቴ ሰምታ የምትንቀጠቀጠው ሴት ያን ሰዓት እጇ አልተንቀጠቀጠም። አውራ ጣቱ የት እንዳለ ተሰማኝ። አንጓዬን አዞርኩ፣ ክርኔን ገፋሁ፣ መነጨቅኩ። ለቀቀኝ! ቦርሳው ይሂድ ብዬ ትከሻዬን ዝቅ አደረግኩለት። ወደ ኋላ ሄጄ ጀርባዬን ግድግዳ አስያዝኩና ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ፦ «ይህን ሰው አላውቀውም! አላውቀውም!»

እነዚህን ቃላት ያዙልኝ። «እርዱኝ» ብቻ ብንል፣ መንገደኛው ሰውዬው ወንድማችን ወይም ሊረዳን የመጣ ሰው ሊመስለው ይችላል። ዓይነ ስውር ሲጎተት ያየ ሁሉ ጥቃት ነው ብሎ አያስብም። አንድ በር ሲከፈት ሰማሁ። «ልጄ፣ ምን ሆንሽ? መጣሁ!» የሚል የእናት ድምፅ መጣ። ሰውዬው ቦርሳዬን ይዞ ሮጠ።

ስልኬ ቦርሳው ውስጥ አልነበረም። ኪሴ ውስጥ የማደርገው አሰልጣኛችን ስለመከረን ነው። በትሬም በእጄ ነበር። የማንጠልጠያውን ክር አንጓዬ ላይ አልጠመጥምም፤ በትሩን የጎተተ እኔንም እንዳይጎትተኝ። በትሩን ለመምቻ ማዋልም አልወድም። ቀላል ስለሆነ ይሰበራል፣ ከተሰበረ ደግሞ መንገዴ ጠፋ ማለት ነው።

ወዳጆቼ አብረውኝ ካመሰገኑ በኋላ «ከእንግዲህ ብቻሽን አትውጪ» አሉኝ። ፍቅራቸው ይገባኛል። ነገር ግን እግዚአብሔር ያስጣለኝ ቤት እንድቀመጥ ነው ብዬ አላምንም። በሳምንቱ በዚያው መንገድ ብቻዬን ሄድኩ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፤ ጉሮሮዬ አልደረቀም። ቦርሳዬ ባይመለስም፣ የለመንኩትን ይህን ተቀብያለሁ።

ልትረዱን የምትፈልጉ ደግሞ መጀመሪያ በቃል ጠይቁን። እሺ ካልናችሁ ክንዳችሁን ስጡን፣ ከክርናችሁ ከፍ ብለን እንይዛለን። እንዲህ ሲሆን መልቀቅ ስንፈልግ መልቀቅ እንችላለን።

አንድ የጸሎት ርዕስ ልተውላችሁ። ተመሳሳይ ጥቃት የደረሰባት እህት አለችን፤ እስከ ዛሬ ከቤት አትወጣም። እሷ ቤት እየሄድኩ አብረን እንጸልያለን፣ ከዚያ ተነስተን አንጓ ማስለቀቅ እንለማመዳለን። ባለፈው እስከ በሩ ድረስ ወጥታለች። በጸሎት አስቧት።