ኩፍኙ ካለፈ በኋላ

እማዬ ስለ ኩፍኝ ስታወራ ሁልጊዜ የምትጨርሰው በምስጋና ነው። «ሁለቱም ተያዙብኝ፤ እመቤቴ ሁለቱንም አተረፈችልኝ» ትላለች። ይህን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ልክ አለመሆኑ የገባኝ አድጌ፣ ያውም የባዮሎጂ አስተማሪ ከሆንኩ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1977 ዓ.ም ዘጌ ላይ ነው። አባቴ ሎሚና ጌሾ በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ይወርድ ነበር። ያን ቀን ታላቅ ወንድሜን ይዞት ሄደ። 7 ዓመቱ ነው። ሸንኮራ እየመጠጠ ተመለሰ ትላለች እማዬ። ገበያ በማየቱ ደስ ብሎት ሌሊቱን ሙሉ ሲያወራ አደረ።

ከ10 ቀን በኋላ ትኩሳት ያዘው። አፍንጫው ይፈሳል፣ ያስላል፣ ዓይኑ ደም መስሏል። ጉንፋን ነው ተባለ። በአራተኛው ቀን ከጆሮው ጀርባና ከፀጉሩ ጠርዝ ቀያይ ነጠብጣብ ብቅ አለ። ከዚያ ፊቱን፣ አንገቱን፣ ደረቱን እያለ እግሩ ድረስ ወረደ። ኩፍኝ መንገዱ ይኸው ነው፤ ከላይ ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል።

እማዬ ቤቱን አጨለመችው። በሩ ላይ ጋቢ ሰቀለች። ቡና አፈላች፣ ዕጣን አጨሰች። ጤና ጣቢያ ይሂድ ያለ ሰው አልነበረም። «መርፌ ከተወጋ ወደ ውስጥ ይገባበታል» ይባል ነበር። እናቴን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም። የምታውቀውን ሁሉ አድርጋለች። ጨለማው ራሱ ስህተት አልነበረም፤ ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ብርሃን ዓይኑን ይወጋዋል። «ሽፍታው በደንብ ይውጣለት» የሚለው አባባልም ቢሆን ባዶ ወሬ አይደለም። ሽፍታው የሚወጣው የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ቫይረሱ የገባባቸውን የቆዳ ሴሎች ሲያጠቁ ነው። የመከላከል አቅሙ በጣም የተዳከመ ልጅ በኩፍኝ ተይዞም ሽፍታ ላይወጣበት ይችላል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እህቴ ተከተለች። ሁለት ዓመት ከምናምን ነበራት። ከወንድሜ ጋር በአንድ ጋቢ ነው የሚተኙት። ለይተዋቸው ቢሆን ኖሮስ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። የሚረባ አይመስለኝም። ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ መተላለፍ ይጀምራል። ሰው «ጉንፋን ነው» እያለ ማለት ነው። በሽተኛው ክፍሉን ለቅቆ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ ለ2 ሰዓት ያህል አየሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። ያልተከተቡና ከዚህ በፊት ያልያዛቸው 10 ሰዎች ከአንድ በሽተኛ አጠገብ ቢሆኑ 9ኙ ይያዛሉ።

እኔስ? እኔ የ4 ወር ሕፃን ነበርኩ። እዚያው መደብ ላይ፣ እዚያው አየር ውስጥ። አልያዘኝም። እማዬ ይህን የምትቆጥረው እንደ ተአምር ነው። ተአምሩ ግን ከእሷው የመጣ ነው። እሷ በልጅነቷ ኩፍኝ ወጥቶባት ነበር። በደሟ ውስጥ የቀረው መከላከያ፣ ፀረ እንግዳ አካል የምንለው፣ በማሕፀን ሳለሁ ወደ እኔ ተላልፏል። የእናት መከላከያ ከወራት በኋላ እየሳሳ ይሄዳል። በእኛ አገር የኩፍኝ ክትባት 9 ወር ድረስ የሚቆየውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቀድሞ ቢሰጥ የእናቲቱ መከላከያ ክትባቱን ራሱን ያከሽፈዋል።

ወንድሜ ተነሳ። ግራ ዓይኑ ላይ ግን ነጭ ቀረ። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ የልጆች አባት ነው። ሻይ ሲቀዳ ልብ ብላችሁ ብታዩት መጀመሪያ የብርጭቆውን ጠርዝ በጣቱ ይነካል። ርቀቱ በአንድ ዓይን አይገመትለትም። ኩፍኝ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ ያሟጥጣል። መጀመሪያውንም ቫይታሚኑ ያነሰው ልጅ የዓይኑ መስታወት ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ከዚያ ጠባሳ ይሆናል። ዛሬ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል። ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ። ጫፏን በመቀስ ቆርጠው ዘይቷን ምላሱ ላይ የሚጨምቋት ትንሽ እንክብል ናት። ዓይንን ታድናለች፤ ነፍስንም ታድናለች። ቫይረሱን ራሱን የሚገድል መድኃኒት ስለሌለ ይህቺ እንክብል ትልቅ ነገር ናት። ልጃችሁ ላይ ኩፍኝ ካያችሁ እባካችሁ ቤት አትደብቁት፤ ውሰዱት።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ።

እህቴም ተነሳች። ሽፍታው ጠቆረ፣ ተላጠ፣ ጠፋ። መጫወት ጀመረች። እማዬ ስለት አስገባች። ከዚያ ጆሮዋ መገለ። ትንሽ ቆይቶ ሳል ያዛት፤ ለቀቃት። በሦስተኛው ወር ተቅማጥ ጀመራት። በአምስተኛው ቀን ሞተች። ሰፈሩ ዓይን በላት አለ። እማዬም እስከ ዛሬ የምታምነው እሱን ነው። ከኩፍኝ ጋር ያያያዘው ማንም የለም። ኩፍኙ አልፏላ።

እኔም አላያያዝኩትም ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ኩፍኝ ሳስተምር ትኩሳት፣ ሳል፣ ሽፍታ ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ሳነብ ነው እጄ የቀዘቀዘው። ተመራማሪዎቹ ኔዘርላንድስ ውስጥ ያልተከተቡ 77 ልጆችን ደም ኩፍኝ ከመያዛቸው በፊትና በኋላ መርምረው አነጻጸሩ። ኩፍኙ ካለፈ በኋላ ልጆቹ በሌሎች በሽታዎች ላይ ከነበራቸው መከላከያ ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነው ጠፍቶ ነበር።

እንዴት እንደሚሆን ለተማሪዎቼ በስም መዝገብ ነው የማስረዳው። ሰውነታችን መዝገብ አለው። ያሳለፍነው ጉንፋን፣ ያሳለፍነው ተቅማጥ ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ያው በሽታ ተመልሶ ሲመጣ ስሙ ስላለ ቶሎ ይታወቃል፤ ገና በር ላይ ይያዛል። መዝገቡን የሚይዙት የማስታወሻ ሴሎች የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። የኩፍኝ ቫይረስ በትንፋሽ ሲገባ መጀመሪያ የሚይዘው ሳንባ ውስጥ ያሉትን ጠባቂ ሴሎች ነው። በእነሱ ላይ ተጭኖ ወደ ንፍፊት ይሄዳል። እዚያ የማስታወሻ ሴሎቹ ተሰብስበው ያገኛቸዋል። እነሱው ውስጥ ይራባል፤ ይጨርሳቸዋል። ሽፍታው እስኪወጣ ገጹ ተቀዷል። ልጁ ሁለት ሦስት ዓመት እንደ አዲስ ሕፃን ይሆናል። ትናንት የማይነካው በሽታ ዛሬ ይጥለዋል።

እህቴን የጣላት ይህ ነው ብዬ መማል አልችልም። ሐኪም አላያትም፣ ደሟ አልተመረመረም። ጆሮው፣ ሳሉ፣ ተቅማጡ ተራ በተራ መምጣታቸውን ሳስብ ግን ሌላ አይታየኝም። ክትባት ከመምጣቱ በፊት ኩፍኝ በዓለም ላይ በዓመት 2.6 ሚሊዮን ያህል ሰው ይገድል እንደነበር ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ቁጥሩ ወደ 107 ሺህ ገደማ ወርዷል፤ አብዛኞቹ ከ5 ዓመት በታች ናቸው። በሦስተኛው ወር የሞቱት እንደ እህቴ ያሉ ልጆች እዚህ ውስጥ ተቆጥረው ይሆን ብዬ እጠይቃለሁ።

የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ነው። ኩፍኝ የሌላውን ስም ከመዝገቡ ሲቀድ የራሱን ስም አይነካም። እ.ኤ.አ. በ1846 ፓነም የሚባል ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ፋሮ ወደሚባሉት ደሴቶች ተላከ። ጣና ላይ እንዳለችው እንደኛዋ ደቅ ያሉ፣ ሰውም በሽታም በጀልባ ብቻ የሚደርስባቸው ደሴቶች ናቸው፤ በውቅያኖስ መካከል መሆናቸው እንጂ። ኩፍኝ እዚያ ለ65 ዓመት አልታየም ነበር። ሲገባ ከ7,800 ያህሉ ነዋሪ 6,000 ያህሉን አስተኛ። ሽማግሌዎቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1781 በልጅነታቸው ይዟቸው ስለነበር በዚያ ሁሉ መካከል ደህና ነበሩ። 65 ዓመት ሙሉ ሰውነታቸው አልረሳውም። እማዬም አልረሳችውም፤ ለእኔም የተረፈችኝ በዚያ ነው።

ክትባቱ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስሙን ያስመዘግባል፤ ገጹን ግን አይቀድም። ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ ከታመመ ተማሪ ተወሰደ። በላቦራቶሪ ሴሎች ውስጥ እየተራባ እንዲዳከም ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1963 ክትባት ሆኖ ተፈቀደ። ኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት ፕሮግራም የጀመረችው በ1972 ዓ.ም ነው። እህቴ ከመታመሟ አምስት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ዘጌ እኛ ቤት አልደረሰም፤ ወይ እኛ ወደሱ አልደረስንም። በ9 ወር የሚሰጠው ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይጠብቃል። ለቀሩት ነው በ15 ወር ሁለተኛው የሚሰጠው። ይህ ሁለተኛው በአገራችን የተጨመረው በ2011 ዓ.ም ነው። ብዙ እናት «የ9 ወሩን ጨርሻለሁ» ብላ ካርዱን ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች። አልጨረስሽም እህቴ፤ 15 ወር አለ። ኩፍኝ እንዳይዛመት ከ100 ልጆች 95ቱ ሁለቱንም መከተብ አለባቸው። በ2011 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1 እስከ 2 ዓመት ካሉት ልጆች የመጀመሪያውን እንኳ ያገኙት ከ100 59 ነበሩ።

ጥፋቱ ሁሉ የእናት አይደለም፤ ይህን በራሴ አይቻለሁ። ልጄ 9 ወር ሲሞላት ባሕር ዳር አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ልጅ ይዘን የመጣነውን ሦስታችንን አይታ «ልጆች አልሞሉም፤ ሐሙስ ኑ» አለች። ብልቃጧ የ10 ልጅ ናት። አንዴ ከተበጠበጠች በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀች ትጣላለች። ነርሷ የተረፈው እንዳይባክን ብላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግን ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት የሚል ነው። አጠገቤ የነበረችው እናት በጀልባ ነበር የመጣችው። ልጇን አዝላ ቆመች። «ሐሙስ ጀልባ አለ እንዴ?» አለችኝ። እኔ ሐሙስ ተመለስኩ፣ ልጄ ተከተበች። እሷን አላየኋትም።

ለ15 ወሩ እማዬ አብራኝ ልትሄድ ተነሳች። ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ያለፈውን ነግሬያት ስለነበር ማልዳ ከግቢያችንና ከጎረቤት ቀጠሮ ያለባቸውን ልጆች ከነእናቶቻቸው ስትሰበስብ አገኘኋት። አራት ሆኑ። ከልጄ ጋር አምስት። ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ከፊት ሄደች።

ስለ እህቴ የማስበውን አልነገርኳትም። ማንበብ ስለማትችል ይህንንም አታየውም። አርባ ዓመት ያመሰገነችበትን ነገር ከእጇ የምቀማት አልመሰለኝም።

ነርሷ ያቺኛዋ አልነበረችም፤ አላስመለሰችንም። ብልቃጧን ከበረዶ ሳጥኑ አወጣች። ላይዋ ላይ ክብ ውስጥ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን አለች፤ ሙቀት ካገኛት ትጠቁራለች። ነጭ መሆኗን አሳየችን። ታች የደረቀ ቅንጣት ብቻ ነው የሚታየው። ውኃውን ጨመረችበት፤ ሟሟ። ከዚያ በእስክሪብቶ ብልቃጧ ላይ 3:20 ብላ ጻፈች።

«ምንድነው የጻፍሽው ልጄ?» አለች እማዬ።

«ሰዓቱን ነው እማማ። እስከ 9:20 ነው የምትሠራው።»

«ስንት ልጅ ይበቃታል?»

«አሥር።»

እማዬ አምስቱን በዓይኗ ቆጠረች። ልጄን እኔ ላይ አስታቀፈችኝ። «እንግዲያማ ገና ሰዓት አለን» ብላ ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ ወጣች።