የተረፈችው አንድ ብር

ዛሬ ከሥራ ስገባ ሆዴን ባር ባር ብሎት ነበር። ምንም የሆነ ነገር የለም። የጥቅምት ብርድ ሲጀምር እንዲህ ያደርገኛል። መብራቱን ሳላበራ ጥጌን ይዤ ተቀመጥኩ። ሚጡ ደብተሯን ይዛ መጣች።

"እማ፣ ይቺን እይልኝ።"

237 ለ3 ያለ ቀሪ ይካፈላል ወይ? ነው ጥያቄው። 2፣ 3 እና 7ን ደምራ 12 አግኝታለች። 12 የ3 ብዜት ስለሆነ 237ም ይካፈላል ብላ ጽፋለች። ልክ ነሽ አልኳት። አልሄደችም።

"ግን ለምን?"

እኔም በሷ ዕድሜ ሸምድጄዋለሁ። የ5 ሕግ አያስቸግርም። 10 ራሱ የ5 ብዜት ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻዋን አሃዝ ማየት ይበቃል። የ3 ግን ለምን አሃዞቹ እንደሚደመሩ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ቦርሳዬን አመጣሁ። ሁለት ድፍን መቶ ብር፣ ሦስት ባለ አስር፣ ከታክሲ መልስ የተጠራቀሙ ሰባት የአንድ ብር ሳንቲሞች። ለሦስት ሰው እናካፍለው አልኳት። አንዱ መቶ ብር ለሦስት ሲካፈል 33፣ 33፣ 33 ይደርሳል። አንድ ብር ይተርፋል። አስሩም 3፣ 3፣ 3 ደርሶ አንድ ብር ይተርፋል። ሁለቱ መቶዎች 2 ብር አስተረፉ። ሦስቱ አስሮች 3 ብር። ሰባቱ ሳንቲሞች ገና አልተነኩም። የተረፈው ሁሉ ሲሰበሰብ 12 ብር ሆነ። እሱም አራት አራት ደረሰ።

ሚጡ አሃዞቹን የደመረች መስሏት ነበር። ስትሰበስብ የነበረው ግን ትራፊውን ነው። ሲገባት ሳቀች። ሳንቲሞቹን ጠራርጋ ወደ ክፍሏ ሮጠች።

እኔ እዚያው ቀረሁ። አያቴ ትዝ አሉኝ።

አባባ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ነሐሴ ሲያልቅ ጎረቤቱ ሁሉ "እንቁጣጣሽ በምን ቀን ይውላል?" ይላቸዋል። ካላንደር ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያለ እንኳ እሳቸውን መጠየቅ ይወዱ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሚቆጠረው 5500 ዓመተ ፍዳ ጋር ይደምሩታል፤ ዓመተ ዓለም ይሆናል። እሱን ለ4 ያካፍሉታል። ድርሻው መጠነ ራብዒት ነው። ቀሪው ወንጌላዊውን ይነግራል። 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፤ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ከዚያ ዓመተ ዓለሙንና መጠነ ራብዒቱን ደምረው በ7 ይገድፉታል፤ ለ7 አካፍለው ቀሪውን ብቻ ይይዛሉ፣ እሱም ቀኑን ይነግራል። "መግደፍ" ነበር የሚሉት። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

የ2018ን እኔው ሞከርኩት። 5500 ሲጨመርበት 7518። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል፤ ዘመነ ማርቆስ። 7518 እና 1879 ሲደመሩ 9397። ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። ቀሪው 1 ሲሆን ማክሰኞ ነው፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ። እውነትም መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ።

ሁለቱ ለምን እንደሚደመሩ ግን የገባኝ ዛሬ ነው፣ በሚጡ ሳንቲሞች። ዓመት 365 ቀን ነው። 364 የ7 ብዜት ነው፤ ድፍን 52 ሳምንት። አንድ ቀን ትተርፋለች። እንቁጣጣሽ በየዓመቱ አንድ ቀን ወደፊት የምትገፋው ለዚህ ነው። በየአራት ዓመቱ ደግሞ ጳጉሜ 6 ትሆንና አንድ ቀን ትጨምራለች። ዓመተ ዓለሙ ከየዓመቱ የተረፉት ቀኖች ናቸው። መጠነ ራብዒቱ ደግሞ ከየአራት ዓመቱ የተጨመሩት። አባባም ትራፊ ነበር የሚሰበስቡት! ብድግ ብዬ መብራቱን አበራሁ።

ወደ ሚጡ ክፍል ሄጄ ልነግራት ስል ቀደመችኝ።

"ለ7ስ እንዴት ነው?"

ሳንቲሞቹን ደርድራ እየሞከረች ነበር። ከአስር ብር 3 ይተርፋል፣ ከመቶ ብር 2። ከየኖቱ የሚተርፈው እኩል አይደለም። አሃዞቹን ዝም ብሎ መደመር አያዋጣም። በወረቀት አካፍለን ጨረስነው።

አባባ ግን ወረቀት አይዙም ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን ከአንጓ ወደ አንጓ ያስኬዳሉ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ስንት ክረምት አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ሚጡ ዛሬ የጠየቀችኝን አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። አሁን ሌሊት ሆኗል፤ አውራ ጣቴን እንደሳቸው ጣቶቼ ላይ እያስኬድኩ ነው። ያንን ትልቅ ቁጥር በ7 ሲገድፉት ምን እያሉ ነበር የሚቆጥሩት?