ከኦስትሪያ ወደ ኦስትሪያ፣ በጣሊያን በኩል

በብስክሌት ፍቅር የለከፈችኝ የሂሳብ ዶክተር ናት። አና ኪዘንሆፈር። እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ውድድሩ ገና ሲጀመር አፈትልካ ወጣች። ከኋላ የቀሩት ረሷት። ሁለተኛ የገባችው ሆላንዳዊት ቫን ቭሉተን ወርቁን ያገኘች መስሏት እጇን ዘርግታ ነው መስመሩን ያለፈችው። ኪዘንሆፈር ያኔ የፕሮፌሽናል ቡድን እንኳ አልነበራትም። እኔ ቪየና ሶፋዬ ላይ ሆኜ ጮህኩ፤ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበ።

ከዚያ ወዲህ እንደሷ ያሉ ብስክሌተኞች የሚበቅሉበትን አገር ማየት አማረኝ። በዚህ በጋ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

መጀመሪያ ኢንስብሩክ፣ የቲሮል ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ። የ2018ቱ የዓለም ሻምፒዮና እዚህ ሲካሄድ፣ ወንዶቹን መጨረሻ ላይ የጨረሳቸው ሄቲንገር ሄል የሚባል ዳገት ነው። ስሙ ገሃነም ማለት ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ግን አንዳንድ ቦታ ላይ ተዳፋቱ 28 በመቶ ይደርሳል። እኔ ደግሞ እንጦጦን በእግሬ የወጣሁ ሰው ነኝ ብዬ ናቅኩት። ሦስት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ። በመጨረሻው ላይ አጥር ይዤ ሳለከልክ አንዲት አሥራ አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ በብስክሌት አለፈችኝ። «ሰርቩስ!» አለችኝ። መልስ ለመስጠት ትንፋሽ አልነበረኝም። ለነገሩ በዚያው ሻምፒዮና ከአቅራቢያው ከሃይሚንግ የመጣችው የ18 ዓመቷ ላውራ ሽቲገር በወጣት ሴቶች ወርቅ ወስዳለች። ስለዚህ ብዙም አላፈርኩም።

ከዚያ ወደ ሊየንዝ፣ ምሥራቅ ቲሮል ውስጥ ወዳለችው ከተማ። ምሥራቅ ቲሮል ከሰሜኑ ቲሮል ጋር በድንበር አይገናኝም፤ መሃል የነበረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለጣሊያን ተሰጠ። ባቡሩም በጣሊያን ዞሮ ነው የሚሄደው። እዚያው ጣሊያን ውስጥ ኢኒኸን ላይ ወርጄ ብስክሌት ተከራየሁ። አከራዩ ሄልሜቱን ለብቻው አስከፈለኝ፤ ያልጠየቅሁትን ኢንሹራንስም ጨመረበት። በጀርመንኛ ስከራከር በጣሊያንኛ ይመልስልኛል። ሂሳቡን ሲነግረኝ ግን ጀርመንኛው ጥርት አለ።

ከኢኒኸን እስከ ሊየንዝ በድራው ወንዝ ዳር 44 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ቁልቁለት። ሃይንፌልስ ያለው የዋፈር ፋብሪካ በር ላይ የጣሊያን ቤተሰብ ሁሉ ሰፍሮ አገኘሁት። እኔም ሁለት ፓኮ ገዛሁ። ትንሽ እንደሄድኩ ካቴናው ወለቀ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ብስክሌቱን ገለበጡት፣ ካቴናውን በሁለት ጣት መለሱት፣ እጃቸውን ሣር ላይ ጠረጉና የአፕሪኮታቸውን ግማሽ ሰጡኝ። የሁለታችንም እጅ በግራሶ ጠቁሯል። እንደዚያው በላነው።

ሌሊቱ ክፉ ነበር። ፔንሲዮኑ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ይዋሰናል፤ ደወሉ በየሩብ ሰዓቱ። አገር ቤት ቢሆን ቅዳሴ ነው ብዬ እችለው ነበር። ይሄ ሰዓት ለመናገር ብቻ ነው!

ጠዋት የፔንሲዮኑን ባለቤት ስለ ብስክሌተኛው ፌሊክስ ጋል ጠየቅኳቸው። አጠገባቸው ያለችው የኑስዶርፍ ደባንት ልጅ ነው፤ በ2015 በወጣቶች የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2023 ስመ ጥሩው ስሎቬናዊ ፖጋቻር አቅም ባጣበት ቀን ኩርሼቬል ላይ የቱር ደ ፍራንስ፣ የፈረንሳይ ዙር የብስክሌት ውድድር፣ የዕለት አሸናፊ፣ በ2025 ደግሞ በአጠቃላይ አምስተኛ። «በእኛ ጊዜ ሁሉም ልጅ በረዶ ነበር የሚጠብቀው» አሉኝ። እውነት ነው፤ ተራራው ድሮም ነበረ። ግን ማክስ ቡላ በ1931 ቱር ላይ የዕለት ድል ካገኘ በኋላ ሌላ ኦስትሪያዊ እስኪደግመው፣ ጌኦርግ ቶትሽኒግ በ2005 እስኪመጣ፣ 74 ዓመት ፈጅቷል። አሁን ኮንራድ በ2021፣ ጋል በ2023።

የልጅ ልጃቸው ስኪውን ትቶ ብስክሌት ይጋልባል። ቁርሱን እየበላ ይሰማን ነበር።

«ኢትዮጵያ ተራራ አለ?»

«ሞልቶ!»

«ታዲያ ቱር የሮጠ አላችሁ?»

«ፅጋቡ ግርማይ። በ2016።»

«ሌላስ?»

ቡናዬን አንስቼ ስኳር ስጡኝ አልኩ። ስኳር አልወድም።