ኪክ የተጨመረበት የ1923 ጃዝ

ይሄ ነገር አሁንም ሳስበው ያበሽቀኛል። ለሬዲዮ ጣቢያችን የጃዝ ሰዓት የኪንግ ኦሊቨርን ባንድ አዘጋጅቼ ለሃላፊያችን ላሰማ ገባሁ፣ ኖይዙን ብዙም አልነካሁትም፣ የድሮ ሸክላ ከመጠን በላይ ካፀዱት ኮርኔት የሚባለው ጡሩንባም አብሮ ነው የሚጠፋው። ጋሼ አይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ሰሙና "ድራሙ የታለ?" አሉኝ።

"የለም ጋሼ።"

"ባንድ ሆኖ እንዴት ድራም አይኖረውም?"

እኔ ደሞ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ የኖርኩ ይመስል ጀመርኩላቸው። ማይክ እኮ የለም፣ በኤሌክትሪክ መቅዳት የመጣው 1925 ላይ ነው፣ እነዚህ በ1923 ኤፕሪል ከቺካጎ ተነስተው ኢንዲያና ውስጥ ሪችመንድ የምትባል ከተማ ሄደው ጄኔት የሚባለው ሸክላ ቤት ነው የተቀዱት፣ ስቱዲዮው የባቡር ሃዲድ ጥግ ስለሆነ ባቡር ሲመጣ ቀረፃው ይቆማል፣ ሁሉም አንድ ትልቅ ጡሩንባ መሳይ ነገር ፊት ተደርድረው ነው የሚጫወቱት፣ መርፌውን እያንቀጠቀጠ የሚቀዳበትን ሰም የሚጭረው ራሱ ድምፁ ነው፣ ትልቁ ድራም ከተመታ መርፌው ይዘላል። ስለዚህ ቤቢ ዶድስ የሚያክል ድራመር እንጨት ሲያንኳኳ ዋለ፣ የቤዙ ሰው ቢል ጆንሰንም ባንጆ አንስቶ ገባ። ሉዊ አርምስትሮንግ ያኔ ገና የ21 አመት ልጅ ነው፣ ሲነፋ አለቃውን ኦሊቨርን እየዋጠ ስላስቸገረ ከሁሉም አርቀው ጥግ አቆሙት፣ በኋላ ያገባችው ፒያኒስቷ ሊል ሃርዲን እዛ ጥግ ቆሞ ፊቱ እንዴት አዝኖ እንደነበር አውርታለች።

ጋሼ ሰምተው ሰምተው "ጥሩ። ይሄ መሃል ላይ የሚጮኸውስ ማነው?"

"ቢል ጆንሰን ነው፣ እንደውም ከዛ ወዲህ ይሄን ዜማ የሚጫወት ሁሉ እዛችው ቦታ ላይ ይጮሃል።"

"ቁረጪው።"

እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜ፣ ሄድፎን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው የሚክስ ልጃችን "ጋሼ፣ ኪክ ልጨምርበት?" አይልም! ኪክ ማለት ያው የትልቁ ድራም ምት ነው። ጨመረ። ሰው የተጫወተው ቴምፖ እኮ ትንሽ ይፈጥናል፣ ትንሽ ይዘገያል፣ የኮምፒውተሩ ኪክ ደሞ ንቅንቅ የለም፣ ዱም ዱም ዱም፣ ገና ግማሽ ላይ ሳይደርስ ክላሪኔቱና ኪኩ ተለያዩ። ጋሼ እግራቸውን እየመቱ "አሃ፣ አሁን ጃዝ ሆነ!"

እንደዛው ተላለፈ። አንድ አድማጭ ደውሎ "ድራመሩ ማነው? እጁ ይባረክ" አለ፣ አቅራቢያችንም ወረቀቱን አየት አድርጎ "ቤቢ ዶድስ ይባላል" አለው። ዶድስ ያን ቀን የከለከሉትን ድራም መቶ አመት አልፎ እኛ ጋ መታው ማለት ነው። የሚክሱ ልጅ ሙሉ ሳምንት ሲኮራብኝ ከረመ።

ትንሽ ቆይቶ ጋሼ ለአንድ እንግዳ ጣቢያውን ሲያስጎበኙ በሩ ክፍት ነበርና ሰማኋቸው፣ መርፌው ሲዘል፣ ዶድስ እንጨት ሲያንኳኳ፣ አርምስትሮንግ ጥግ ቆሞ ሲያዝን፣ ሁሉንም እኔ እንዳወራሁላቸው አድርገው ይተርካሉ፣ ከተማዋን ብቻ ቺካጎ አሏት። አላረምኳቸውም።