የ30 ቀን ስህተት

ያኔ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ነበር የምሠራው። በየማለዳው ከደሴ ብርድ ተነስቼ በሚኒባስ ሐረጎን እወርዳለሁ። ኮምቦልቻ ስደርስ ጃኬቴ ክንዴ ላይ ነው። የዚያን ቀን አርፍጄ ስለነበር ቢሮ የገባሁት እየሮጥኩ ነው። አንዲት የስፌት ክፍል ሠራተኛ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሆዷ ገፍቷል፤ የወሊድ ፈቃድ ማመልከቻ ይዛለች።

«የወሊድ ፈቃድ ስንት ቀን ነው» ብዬ ጎግልን ጠየቅሁት። የመጀመሪያውን ውጤት ከፈትኩ። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996። ቁጥርም አንቀጽም አለው፣ ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ? ደብዳቤው ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማህተም አረፈበት፣ በመዝገብ ቤት በኩል ወጪ ሆነ።

ከምሳ በኋላ ተመልሳ መጣች። ደብዳቤውን እጥፍጥፍ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች።

«ጋሼ፣ እህቴ እዚሁ ሌላ ፋብሪካ ነው የምትሠራ። እሷ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው የሰጧት። የኔ ለምን 60 ሆነ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ሕጉ ነው» አልኳት። ድምፄ ትዝ ሲለኝ አሁንም ያሳፍረኛል።

«አብሽሩ ጋሼ፣ እንደው አንዴ ደግመው ይዩልኝ» አለች። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ የምታጽናናው እሷ።

አጠገቤ አፓረንት (የሥራ ልምምድ) የወጣች የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነበረች፤ የሰዓት ፊርማ ወደ ኮምፒውተር ታስገባልናለች። አንገቷን አስግጋ ስክሪኔን አየችና «ይሄ እኮ የ1996 ሕግ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልተቀየረም?» አለች። ወንበሬን ለቀቅሁላት።

መጀመሪያ የአዋጁን ስም ጻፈችና ከኋላው የመቀነስ ምልክት አስጠግታ 377ን ጨመረች። ይህ ቁጥር ያለበትን ገጽ አታምጣ ማለት ነው። ብልጠት መሰለኝ። ግን የሚረባ ነገር አልመጣም። ትንሽ አሰበችና ሳቀች። አሮጌውን የሚሽር አዋጅ የአሮጌውን ቁጥር ጠርቶ ነው የሚሽረው። 377ን ስናባርር አዲሱንም አብረን አባረነዋል።

እኔም ዝም ብዬ ላለመቀመጥ «ከ2011 በኋላ ያለውን ብቻ በይው» አልኩ። አፍተር፣ ሁለት ነጥብ፣ 2011። የቆየ የቆየ ነገር ዘረገፈልን። ለካ ጎግል የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የኛ 2011 እዚያ 2019 ገደማ ነው።

ቀጥላ የአዋጁን ስም በትምህርተ ጥቅስ አስገባችው፤ እንደተጻፈው ቃል በቃል እንዲፈልግ። እዚህ ላይ ደግሞ የራሳችን ፊደል ተከራከረን። «አሠሪና ሠራተኛ» በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ? በሁለቱም ሞከርን፤ ውጤቱ አንድ አይደለም። አንዳንዱ የነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፍ ደግሞ በስካን የገባ ፎቶ ነው፤ ሌላው በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ስለተጻፈ ቃሉ ኮፒ ሲደረግ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ዓይን ያነበዋል፣ መፈለጊያው ግን አማርኛ መሆኑን አያውቅም።

«ነጋሪት ጋዜጣ በእንግሊዝኛም ይታተም የለ?» አለች። የእንግሊዝኛውን ስም በጥቅስ ውስጥ ጻፈች። ቀጥላ ፋይልታይፕ፣ ሁለት ነጥብ፣ ፒዲኤፍ፤ የፒዲኤፍ ፋይል ብቻ እንዲያመጣ። እኔ በስልኬ ተከትዬ ስሞክር እምቢ አለኝ። ሁለት ነጥቡን ከአማርኛ ኪቦርድ ነበር ያመጣሁት፤ የእንግሊዝኛው ነው የሚሠራው። እሱን ሳስተካክል ደግሞ ከነጥቡ በኋላ ክፍት ቦታ ተውኩ። «አጣብቀው ጋሼ!»

መጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ በእንግሊዝኛው 1156/2019። አንቀጽ 88 ላይ ወረድን። ከወሊድ በኋላ 90 ቀን።

ሠራተኛዋ ከመስኮቱ ሥር በጣቶቿ ወር ስትቆጥር አየኋት። አንዴ ቆጠረች፣ ደገመች፣ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ዝም አለች።

አሮጌውን ደብዳቤ ቀድጄ በዚያው ቁጥር ሌላ ላወጣ መዝገብ ቤት ሄድኩ። እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ልጄ፣ ወጪ የሆነ ቁጥር አይመለስም። ስህተት ከሆነ በደብዳቤ ሻረው።»

ስለዚህ አዲሱ ደብዳቤ «ቀደም ሲል በቁጥር እንዲህ የተጻፈልዎት ደብዳቤ ተሽሮ በዚህ የተተካ መሆኑን እንገልጻለን» ብሎ ጀመረ። አፓረንቷ ከትከሻዬ በላይ አንብባ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ይሄንንም አሮጌውን ቁጥር ቀንሰን ብንፈልገው አናገኘውም» አለች።